እንዶድና ቀንድ አውጣ

በከሚሴና በጨፋ ሮቢት አካባቢ ወንዝ ገብቶ የሚዋኝ ልጅ የሚያሰጋው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ቢልሃርዚያም አለ። የበሽታው ትል ገና በእጭነቱ ከውኃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መተላለፊያው ይቋረጣል።

ይህንኑ በሽታ ያጠኑ የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ይታዩ ነበር። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የዶክተሩ ድርሻ «ስለምን ሞቱ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማየት ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነም ፍሬውን በቤተ ሙከራ መረመሩ። ቀጥሎ በዓድዋ ወንዞቹ ለአምስት ዓመታት ያህል በእንዶድ ታከሙ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።