«ብሩን ልኬያለሁ» የሚል ገዢ ሲያጋጥማችሁ

በባንክ የዲጂታል ክፍያ ደህንነት ባለሙያ ነኝ። «ያገለገለ ስልኬን በቴሌግራም ሸጬ፣ የክፍያውን ስክሪንሾት አይቼ አስረከብኩ፤ ብሩ ግን አልገባም» የሚል መልእክት በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ስክሪንሾት የክፍያ ማረጋገጫ አይደለም፤ በቀላሉ ተቀነባብሮ ይሠራል።

1. ዕቃውን ከማስረከባችሁ በፊት በቴሌብር *127# ወይም በባንካችሁ መተግበሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። የጽሑፍ መልእክትም ሊጭበረበር ይችላል።

2. «በስህተት አብልጬ ልኬያለሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» ከተባላችሁ አትቸኩሉ። ብሩ በትክክል ገብቶ ከሆነም በባንኩ በኩል ይመለስ።

3. ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በስልክ የሚላክ ኮድ ለማንም አይነገርም። ይህን የሚጠይቅ ሰው ገዢ አይደለም።

4. ዕቃውን ሳያይ፣ ዋጋ ሳይከራከር «ሹፌር ልኬያለሁ፣ ቶሎ ስጡት» የሚላችሁን ጠርጥሩ።

ከተታለላችሁ ሳትዘገዩ ለባንካችሁ ደውሉ፤ ለፖሊስም አመልክቱ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።