ስለ አጥቢያ ኮከብ የሊቃውንት አሳብ እንደ ተለወጠ

ሊነጋ ሲል በምሥራቅ የሚያበራው አጥቢያ ኮከብ፥ በሌላ ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ የሚታየውም፥ አንድ ነው። ሊቃውንቶቻችን ዝሁራ፥ አውሮፓውያን ቬኑስ ይሉታል። ኮከብ መባሉ በልማድ ነው እንጂ የራሱ ብርሃን የለውም፤ እንደ ምድራችን ከድንጋይ የሆነ፥ በመጠኑም ከእርስዋ በጥቂት የሚያንስ ዓለም ነው። ጋሊሌዎ በ1610 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በመነጽር ቢመለከተው፥ እንደ ጨረቃ ሲጐድልና ሲሞላ አየው፤ በዚህም ፀሐይን እንደሚዞር ተረዳ።

ዳሩ ግን ፊቱ ዘወትር በደመና የተሸፈነ ስለ ሆነ ከበታቹ ያለውን ያየ አልነበረም። ሰውም ያላየውን በግምት ሞላው። ደመና ካለ ዝናም አለ፤ ዝናም ካለ ረግረግና ዱር አለ ተባለ። አሬኒየስን የመሰለ ታላቅ የስዊድን ሊቅ እንኳ በ1910ዎቹ እንዲህ ብሎ ጽፎአል። በአሮጌ መጽሐፍ ይህን የምታገኙ መምህራን ለተማሪዎች እንደ እውነት አታስተምሩት።

በ1932 አዳምስና ደንሃም የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ከቬኑስ የሚመጣውን ብርሃን በየቀለሙ ከፍለው ቢመረምሩ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር በብዛት አገኙ። በ1956 ደግሞ ከዚያ የሚወጣው የራዲዮ ሞገድ ሲለካ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ሆነ። ብዙዎች ተጠራጠሩ፤ ይህ ከላይኛው አየር የሚመጣ ነው እንጂ የመሬቱ ሙቀት አይደለም ያሉም ነበሩ። በ1962 ማሪነር 2 የተባለው የአሜሪካ መንኰራኵር በአጠገቡ ሲያልፍ ለካው፤ ሙቀቱም ከታች መሆኑ ታወቀ። በ1970 የሶቪየት መንኰራኵር ቬኔራ 7 ከመሬቱ ላይ ዐርፎ 475 ዲግሪ ያህል መሆኑን አስታወቀ። ጥይት የሚሠራበት እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል! የአየሩም ጫና የእኛን 90 እጥፍ ያህላል፤ ደመናውም ውሃ ሳይሆን ከድኝ የሚገኝ የሚፋጅ አሲድ ነው።

ተማሪ ይህ ለፀሐይ ስለ ቀረበ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ሜርኩሪ ከቬኑስ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ሆኖ ሳለ በሙቀት ያንሳል። ምክንያቱ ያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፥ ከመሬቱ የሚወጣውን ሙቀት ግን ይይዛል። ከቬኑስ አየር ከመቶው 96 እጁ እርሱ ነው። በእኛ አየር ጥቂት ነው፤ ከሰል፥ ነዳጅና ደን በተቃጠለ ቍጥር ግን ይጨምራል።

ማጄላን የተባለው መንኰራኵር ከ1990 ጀምሮ በደመናው ውስጥ በሚያልፍ የራዳር ሞገድ ምድሩን ሥሎ ነበር። በ2023 ሊቃውንት እነዚያን የ1991 ሥዕሎች እንደ ገና ሲያስተያዩ፥ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ በስምንት ወር ውስጥ ሰፍቶና ቅርጹ ተለውጦ አገኙት።