የአንጎል ደም ሥሮች መተብተብ ከየት ይመጣል?

ጤነኛ የነበረ ወጣት ድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ በዙሪያው ያለው ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፣ ሌላው ቡዳ ነው ይላል። ቤተሰቡ ደግሞ «የዘር በሽታ አለባቸው» እንዳይባል፣ በተለይ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ካለች፣ ነገሩን ይደብቃል። በጥያም፣ በቡታጅራም፣ በአዲስ አበባም ያው ነው።

የሚጥል በሽታ መንስኤው ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ የአንጎል ደም ሥሮች መተብተብ ነው። በጤናማ አንጎል ደም ቅዳ ቧንቧዎች በከፍተኛ ግፊት ያመጡት ደም እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች ውስጥ አልፎ፣ ግፊቱ ረግቦ ወደ ደም መልስ ቧንቧ ይገባል። ቀጫጭኖቹ በሌሉበት ቦታ ግን ደሙ በሙሉ ኃይሉ ስስ ወደሆነው ደም መልስ ይወረወራል። ይህ ከ100 ሕሙማን በየዓመቱ ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ ያስከትላል።

መንስኤው ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የካናዳና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በቀዶ ሕክምና የወጡ የ72 ሕሙማንን ናሙናዎች መርምረው በ45ቱ «ኬራስ» የተባለው ዘረ መል ተለውጦ አገኙት። በካንሰር የሚታወቅ ዘረ መል ነው፤ ሕመሙ ግን ካንሰር አይደለም። ትልቁ ነገር፣ ለውጡ በተተበተበው ሥር ላይ እንጂ በተመረመሩት ሰዎች ደም ውስጥ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ለውጥ ከወላጅ አይወረስም፣ ለልጅም አይተላለፍም። የሚደበቅ ነገር የለም ማለት ነው።

የተለየ ዓይነትም አለ፤ እንደ እንጆሪ የተጠራቀሙ የደም ከረጢቶች የሚፈጠሩበት። ከ200 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል፣ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። የዚህኛው ጥቂቱ በእርግጥ ከወላጅ ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። እንግዲህ ሐኪም ስለ ዘመድ ሕመም ሲጠይቅዎት አይሸሽጉ።

ድንገተኛና ከዚህ ቀደም ያልገጠመዎት ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ «ምች ነው» ብለው አይደሩ። አስፕሪንም አይዋጡ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። ጥያ በአስፋልቱ ላይ በመሆኗ ወደ ቡታጅራም ወደ አዲስ አበባም መኪና አይጠፋም፤ በዚያው ሰዓት ይነሱ። በሲቲ ስካን ደም መፍሰሱ ይታያል። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሯል። ሁሉም ግን ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ በክትትል ብቻ የሚቆይም አለ።

የሚንፈራገጥን ሰው በጎኑ ያስተኙት፣ በአፉ ምንም አያስገቡ፣ ክብሪቱንም ይተዉት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ሐኪም ቤት ያድርሱት። ጸበል የሚሄድም ዱዓ የሚያስደርግም የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ይሂድ፣ አያቋርጥ።