የበልግ ዝናብ ሳይገባ ለከብት የሚደረግ ጥንቃቄ



በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ ወረዳ በሚገኘው በባንኮ ጎቲቲ ቡናና እንሰት በአንድ ጓሮ ይበቅላሉ። ላሚቱ ለልጆች ወተት፣ ለእንሰቱም ፍግ ሰጪ ናትና እርስዋ የሞተች እንደ ሆነ የቤተ ሰቡ ኑሮ ይናጋል።

አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ ከብትን በድንገት ይገድላል። ከአፍና ከአፍንጫ የሚፈሰው ጥቁር ደም አለመርጋቱ ዋና ምልክቱ ነው። በድኑ በቢላዋ ሲከፈት ተሐዋሲው አየር አግኝቶ ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዐሥር ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ አፈሩን ባጠበው ጊዜ ከሣር ጋር ተግጦ ሌላውን ከብት ይይዛል።

ስለዚህ ከመጋቢት ዝናብ አስቀድማችሁ ከብቶቻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። በድንገት የሞተውን ከብት ቆዳውን አትግፈፉ፤ ሥጋውንም ለሰውም ሆነ ለውሻ አትስጡ። ለእንስሳት ሐኪም አስታውቃችሁ፣ ከውሃ ርቆ በተቆፈረ ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ቅበሩት። በእጃችሁ ላይ መካከሉ የጠቆረ፣ ሕመም የሌለው ቁስል ቢወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ፍጠኑ።

በክፉ ቀን የአገራችንን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ኃይል ነው። የአንድ ቆዳ ዋጋም ከሰው ሕይወት አይበልጥም።