መሐል ላይ ያለችው ኮከብ

ሁለት ሰዎች ከአንድ ክብ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለት ጥቃቅን መንኮራኩሮች ይታያሉ፤ አንዷ እንደ መርፌ የቀጠነች፣ ሌላዋ እንደ ሽብልቅ ወደ ኋላ የሰፋች። ገና ማንም ምንም ሳይነካ ሁለቱም ወደ መሐል መንሸራተት ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ ግን እየፈጠኑ። መሐል ላይ አንዲት ኮከብ ትንቦገቦጋለች። ተጫዋቾቹ የመጡት ለመታኮስ ነበር፤ ከመታኮሳቸው በፊት ግን ከዚያች ኮከብ ማምለጥ አለባቸው።

ጨዋታው «ስፔስዋር» ይባላል፤ የጠፈር ጦርነት እንደ ማለት ነው። የተሠራው በ1962 እ.ኤ.አ. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ ካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ በሚባለው ነው። በኮምፒውተር ላይ የተሠራ የመጀመሪያው ጨዋታ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ጥቂት ነበሩ። እነዚያ ግን በተሠሩበት ክፍል ቀሩ። ስፔስዋር ከቤቱ ወጥቶ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ተዛመተ።

ነገሩ የተጠነሰሰው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ፒዲፒ-1 የተሰኘ አዲስ ኮምፒውተር በ1961 ለኤምአይቲ በስጦታ ሲሰጥ ነው። የማሽኑ ዋጋ 120,000 ዶላር ነበር። የማስታወስ አቅሙ ግን በዛሬ ስሌት ዘጠኝ ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ያም ሆኖ በዘመኑ ብርቅ የሆነ ነገር ነበረው፤ ስክሪን። ስቲቭ ራስል፣ ማርቲን ግሬትዝ እና ዌይን ዊታነን የተባሉ ጓደኛሞች ይህ ማሽን ምን ሊሠራበት ይገባል ብለው መከሩ። ሦስቱም የኢ. ኢ. ስሚዝ ልቦለዶች ወዳጆች ነበሩ፤ መንኮራኩሮች ከጋላክሲ ጋላክሲ የሚሳደዱባቸው መጻሕፍት ናቸው። ምክሩ ብዙ አላከራከረም።

ፕሮግራሙን የመጻፉ ዕዳ ራስል ላይ ወደቀ። ራስል ደግሞ ቀርፋፋ በመሆኑ ጓደኞቹ በቀንድ አውጣ ዘመድ ስም ይጠሩት ነበር። መንኮራኩሯን ለማዞር የሳይንና የኮሳይን ስሌት ያስፈልገኛል፣ እሱ ደግሞ የለኝም እያለ ቀን ገፋ። በመጨረሻ አለን ኮቶክ የተባለው ባልደረባው ወደ ኩባንያው በመኪና ሄዶ፣ ስሌቱ የተጻፈበትን የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ በኋላ ሰበብ አልቀረም።

በ1962 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ መንኮራኩሮች መብረርና መተኮስ ቻሉ። አነዳዳቸው የመኪና አይደለም። መኪና ነዳጅ መስጠቱን ሲተዉት ቀስ ብሎ ይቆማል፤ መንገዱና አየሩ ይይዙታል። ጠፈር ላይ የሚይዝ ነገር የለም። አንዴ የተገፋች መንኮራኩር ሞተሯ ቢጠፋም ጉዞዋን ትቀጥላለች፤ ለማቆም የሚፈልግ ሰው አዙሮ፣ ጀርባዋን ወደ ፊት አድርጎ፣ በሄደችበት መጠን መልሶ መግፋት አለበት። ነዳጁም ጥይቱም የተቆጠረ ነው። በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ የወጣ በግራ ይገባል፤ ስለዚህ የሚሸሸጉበት ጥግ የለም።

ይህ ብቻውን ጥሩ ጨዋታ ነበር። ግን ጣቱ የፈጠነ ሁሉ ያሸንፍበታል። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው ባልደረባቸው ዳን ኤድዋርድስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኮከቧን መሐል ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው።

ኮከቧ የማንም ወገን አይደለችም። ሁለቱንም እኩል ትስባለች፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ስበቷ አራት እጥፍ ይሆናል። ዝም ያለ ይወድቅባታል። ወደ ጎን በበቂ ፍጥነት የተገፋ ግን ሲዞራት ይኖራል፤ ጨረቃ ምድርን እንደምትዞር። ደፋሩ ተጫዋች ደግሞ ሆን ብሎ ወደ ኮከቧ ይወረወራል፣ ከአፏ ሲደርስ ሞተሩን ይለኩሳል፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈንጥሮ ከባላጋራው ጀርባ ይወጣል። ያንኑ ነዳጅ ራቅ ብሎ ቢያቃጥለው ያን ያህል ፍጥነት አያገኝም። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሁለቱም ኮከቧን በመዞር የሚጀምሩትን አከፋፈት፣ የበረራው ቅርጽ ሲቢኤስ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የዓይን ዓርማ ስለሚመስል፣ በጣቢያው ስም «ሲቢኤስ» ብለው ሰየሙት።

ኮከቧ በነጻ አልመጣችም። ማሽኑ በሰከንድ 100,000 ያህል መደመር ብቻ ነበር የሚችለው። በዚያ ላይ ሥዕሉን ሳያቋርጥ እንደገና መሳል ነበረበት፤ ከዘገየ ስክሪኑ ይርገበገባል። ኤድዋርድስ ለስበቱ ስሌት ጊዜ ለማትረፍ የመንኮራኩሮቹን አሳሳል እንደገና ጻፈው፤ ፕሮግራሙ ቅርጻቸውን በየጊዜው እያነበበ ከመተርጎም ይልቅ አንዴ መጀመሪያ ላይ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይለውጠዋል። እንዲያም ሆኖ የተረፈው ጊዜ ለሁለቱ መንኮራኩሮች እንጂ ለጥይቶቹ አልበቃም። በዚህ ምክንያት የተተኮሰው ቶርፔዶ ስበት አይነካውም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የፊዚክስ መምህር ይህን ቢያይ ሊቆጣ ይችላል። ለጨዋታው ግን በጀ፤ ተኳሹ በጠመዝማዛ መንገድ እየተሳበ በቀጥታ መስመር ማነጣጠር ሆነ ፈተናው።

እውነታ ሲበዛም እንደሚያስከፋ ራስል ቀድሞ አይቶታል። እውነተኛ መሣሪያ ሁልጊዜ አይታመንም በሚል ቶርፔዶዎቹ አልፎ አልፎ እንዲስቱ አድርጎ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ስለጠሉት አነሳው። ሰው በራሱ ስህተት ሲሸነፍ ይችላል፣ በዕጣ ሲሸነፍ ግን አይወድም።

ሌሎቹም የየራሳቸውን ጨመሩ። ፒተር ሳምሰን ከጀርባ የተበተኑት የዘፈቀደ ነጠብጣቦች ስላበሳጩት እውነተኛውን ሰማይ አስገባ፤ ከሰማይ ወገብ 22.5 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ 32.5 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያለውን፣ ከነብርሃናቸው ደረጃ። (ከካምብሪጅ የዚህ መቀነት ደቡባዊ ጫፍ ከአድማሱ ብዙም አይርቅም፤ ከአዲስ አበባ ግን መላው መቀነት ከፍ ብሎ ያልፋል። የስክሪኑ ሰማይ ከካምብሪጅ ሰው ይልቅ ለሐበሻ ይቀርባል ማለት ነው።) ግሬትዝ ደግሞ መግቢያ መውጫ ለጠፋበት ተጫዋች ማምለጫ ሠራ፤ መንኮራኩሯ ድንገት ትሰወርና ባልታሰበ ቦታ ብቅ ትላለች፣ ወይም እዚያው ትፈነዳለች። በተጠቀሙበት ቁጥር የመፈንዳት ዕድሏ ይጨምራል።

ጨዋታው መጀመሪያ ይነዳ የነበረው በኮምፒውተሩ ፊት ላይ ባሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር። ክርን ያሳምማል። ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ ከተማሪዎቹ የአሻንጉሊት ባቡር ክበብ ዕቃ ለቃቅመው ሁለት መቆጣጠሪያ ሳጥኖች ሠሩ። የተኩሱ ቁልፍ ድምፅ እንዳያሰማ ተደርጎ ነበር፤ ባላጋራ ሰምቶ እንዳይሸሽ።

ራስልና ጓደኞቹ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ አላገኙም። ለጠየቀ ሁሉ ሰጡት፤ ኮምፒውተሩን የሠራው ኩባንያ ራሱ ማሽኖቹን መፈተሻ አደረገው። ገንዘቡን ሌሎች ሞከሩት። በ1971 ቢል ፒትስና ሂዩ ታክ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ጋላክሲ ጌም» የተባለ፣ በአሥር ሳንቲም የሚጫወቱበት ቅጂ አቆሙ፤ ተማሪው ተሰለፈበት። በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ «ኮምፒውተር ስፔስ»ን ለገበያ አቀረቡ። እነዚህ የማሽኑን ዋጋ ለማርከስ ኮምፒውተሩን አስወጡ፣ ከእሱም ጋር ኮከቧንና ሁለተኛውን ተጫዋች፤ የቀረው አንድ ሰው ከበራሪ ሳህኖች ጋር የሚታኮስበት ነበር። እንደተጠበቀው አልተሸጠም። ሁለቱ በቀጣዩ ዓመት አታሪን መሥርተው «ፖንግ»ን አወጡ፤ ገበያውንም ያገኙት በዚያ፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት በሚገጥምበት ጨዋታ ነው። ኮከቧ ወደ ሳንቲም ማሽኖች በሰፊው የተመለሰችው በ1977 በወጣው «ስፔስ ዋርስ» ነው።

ከእነዚያ ፒዲፒ-1 ማሽኖች የተሠሩት 53 ብቻ ናቸው። አንዱ በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው ባለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተጠግኖ ይሠራል፤ ጎብኚዎችም ስፔስዋርን እዚያ በዋናው ማሽን ሊያዩት ይችላሉ። መቆጣጠሪያውን ይዞ የትኛው ቁልፍ ምን ይሠራል ብሎ የሚያስብ ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ የለውም፤ እሱ እያሰበ መንኮራኩሯ ወደ ኮከቧ እየወደቀች ነው።