ፌሮ ስንት ኩንታል ይችላል? በቆቦና በራያ ቆላ የአርማታ ቤት ለሚያሠሩ

ቆቦ ወይም በራያ ቆላ ካሉት ከተሞች በአንዱ የአርማታ ቤት ሊያሠሩ ካሰቡ፣ ኪስዎን በደንብ ከሚፈትኑት ነገሮች አንዱ ፌሮ ነው። ሻጩ «ባለ 12 ነው፤ ጥንካሬው 60 ነው» ይልዎታል። እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? ብረቱስ ስንት ተሸክሞ ነው የሚበጠሰው? በየተራ እንያቸው።

ፌሮ አርማታ ውስጥ ለምን ይገባል?

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው። ጉተታ የመቋቋም አቅሙ ጭነት ከሚችለው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ቢም ላይ ክብደት ሲያርፍ ቢሙ በጥቂቱ ይጎብጣል። ያኔ የላይኛው በኩል ይጨመቃል፣ የታችኛው በኩል ይለጠጣል። ዋናው ፌሮ ከታች የሚተኛው ለዚህ ነው። ከግድግዳው ወጣ ያለ በረንዳ ላይ ግን ጉተታው ከላይ ስለሆነ ዋናው ፌሮም ከላይ መሆን አለበት።

በራያ ሜዳ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ መሬቱ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ላይ ያለው ቢም በየዓመቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈተናል። ይህን ጉተታ የሚችለው ፌሮው ነው።

ፌሮ ሲጎተት ምን ይሆናል?

በመጀመሪያ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ በዚህ ደረጃ መጨረሻ ላይ የሚረዝመው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ጉተታው ሲጨምር ፌሮው እጅ የሚሰጥበት ነጥብ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ቢለቁትም እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ ረዝሞ ይቀራል። መሐንዲስ ቤት ሲያሰላ የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነው። በዚያም ላይ ለጥንቃቄ ብሎ የተወሰነ ይቀንስለታል።

ከዚያም ፌሮው እየተለጠጠ ተጨማሪ ጉተታ ይሸከማል። የመጨረሻው የሚችለው ጉተታ የመበጠስ ጥንካሬ ይባላል። እሱን ካለፈ አንድ ቦታ ላይ ይቀጥንና ይበጠሳል።

በኩንታል ስንት ነው?

የብረት ጥንካሬ የሚለካው በሜጋ ፓስካል ነው። አንድ ሜጋ ፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 100 ግራም ገደማ ክብደት ማንጠልጠል ነው። «60» የሚባለው ከአሜሪካ መለኪያ የመጣ ቁጥር ሲሆን በአንድ ካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ ማለት ነው። ፌሮው እጅ የሚሰጥበት ጥንካሬ ነው፤ 420 ሜጋ ፓስካል ያህል ይሆናል።

ባለ 12 ማለት ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ ነው፤ ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋቱ 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ፌሮ እጅ የሚሰጠው 48 ኩንታል ገደማ ሲንጠለጠልበት ነው። የመበጠስ ጥንካሬው 550 ሜጋ ፓስካል ከሆነ ደግሞ የሚበጠሰው 63 ኩንታል ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 15 ኩንታል የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማስጠንቀቂያው ለምን ያስፈልጋል?

የደረቀ የማሽላ አገዳ ሲያጎብጡት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ግን ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ፌሮም እንዲሁ ነው። ደህና ፌሮ ከመበጠሱ በፊት በግልጽ ይለጠጣል። በአሜሪካው መለኪያ ባለ 12ና 60 የሆነ ፌሮ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲለካ ቢያንስ 9 በመቶ መለጠጥ አለበት። ፌሮው ሲለጠጥ ቢሙ ይሰነጠቃል፣ ሶሌታው ይጎብጣል። ሰው አይቶ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

ቆቦ የምትገኘው በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በዚሁ ጠርዝ ላይ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ወድማለች። መሬት ስትናወጥ ቤቱን አቁሞ የሚያቆየው የፌሮው መለጠጥ ነው። ስታፋውም፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ሳይዘለል በልኩ መታሰር አለበት።

75 ብገዛ አይሻልም?

75 እጅ የሚሰጠው 520 ሜጋ ፓስካል ገደማ ላይ ነው። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚለጠጠው ከ60 ያነሰ ነው። ፕላንዎ በ60 ከተሰላ፣ «75 ነው» ብለው በራስዎ ብዛቱን አይቀንሱ። ፌሮው ሲያንስ እያንዳንዱ የበለጠ ይለጠጣል፣ ኮንክሪቱም የበለጠ ይሰነጠቃል። ለውጡን መሐንዲሱ ያስላው።

ገንዘብ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ዋናው ኪሳራ ባለ 12 ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ፌሮ ነው። የፌሮ ክብደት በቀላሉ ይሰላል፤ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ ያባዙና ለ162 ያካፍሉ። የሚያገኙት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። በዚህ ስሌት የአንድ ቤርጋ ክብደት፦

ባለ 8፦ 4.7 ኪሎ
ባለ 10፦ 7.4 ኪሎ
ባለ 12፦ 10.7 ኪሎ
ባለ 14፦ 14.5 ኪሎ
ባለ 16፦ 19 ኪሎ

ባለ 12 ብለው የሸጡልዎ ፌሮ በእርግጥ 11 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክብደቱ 9 ኪሎ ገደማ ነው። በቤርጋ ከከፈሉ፣ ከ100 ቤርጋ ላይ 170 ኪሎ ብረት ሳይደርስዎ ከፍለዋል። በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ፌሮ አቅም ከ48 ወደ 41 ኩንታል ወርዷል። ስለዚህ ጥቂት ቤርጋዎችን መርጠው በሚዛን ያስመዝኑ። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፤ ከአንድ ባለ 12 ቤርጋ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ከጎደለ ግን አይግዙ።

ጥንካሬውንስ እንዴት አውቃለሁ?

በአገራችን ፌሮ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ከውጭ የመጣ ብረት ይዳምጣሉ፣ ወይም ውዳቂ ብረት አቅልጠው ያመርታሉ። ውዳቂው ከብዙ ቦታ ስለሚሰበሰብ ጥራቱ ሊለያይ ይችላል። ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በቦታው የሚደረግ ነው። ፌራዮው ባለ 12 ፌሮ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ጠንካራ ቧንቧ ላይ አዙሮ እንዲያጥፍ ይጠይቁት። የውጪው ጎን ከተሰነጠቀ ፌሮው ደረቅ ነውና ይመልሱት።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ ነው። ከተለያዩ ቤርጋዎች ቁራጭ ይወሰድና ማሽን ይጎትተዋል። ማሽኑ እጅ የሰጠበትን፣ የተበጠሰበትንና የተለጠጠውን መጠን ይጽፋል። የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት እንዲህ ያለ ምርመራ ይሠራል። የቁሳቁስ ላቦራቶሪ ያላቸው የምህንድስና ኮሌጆችም ሊሠሩልዎ ይችላሉ። ፎቅ የሚያሠሩ ከሆነ የምርመራው ወጪ ከፌሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

አሮጌ ፌሮ ብጠቀምስ?

ዝገቱ ሲጠረግ የሚለቅ ቀጭን ቀይ ዱቄት ከሆነ ችግር የለውም። እየተቀረፈ የሚወድቅ ከሆነ ግን ፌሮው ቀጥኗል። አንዴ ታጥፎ የተቃና ፌሮ በታጠፈበት ቦታ የመለጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ከተቃጠለ ቤት የወጣ ፌሮ ሳይመረመር ለቢምና ለኮለን አይግባ፤ ብረት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ጥንካሬውን ያጣል፤ ሲቀዘቅዝም ሁሉም ዓይነት ወደ ነበረበት አይመለስም። የብየዳ ሙቀትም ፌሮውን ሊጎዳው ስለሚችል ፌሮን በብየዳ መቀጠል ትተው አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በሽቦ ማሰር ይሻላል። የድርቡን ርዝመት ፕላኑ ላይ ያገኙታል።

ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት መሐንዲሱ ወይም ፎርማኑ ባለበት የፌሮውን ብዛት፣ ውፍረትና ቦታ ከፕላኑ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ያን ቀን የጎደለ ፌሮ መጨመር የሚያስወጣው የአንድ ቤርጋ ዋጋ ነው። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ግን ማስተካከል ማለት ማፍረስ ነው።