ቡችላ ላሳድግ ለሚል ጓደኛ

በቡራዩ፥ በሰበታና በሱሉልታ ከምንኖረው የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል በግቢው ውሻ የሌለው እጅግ ጥቂት ነው። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ጅቡ ይህን አልሰማም፤ ሲመሽ እንደ ጥንቱ ከጫካው እየወረደ በየአጥሩ ጥግ ያልፋል። ስለዚህም ቡችላ ከዘመድ መቀበል በየቤታችን እንደ ቀላል ነገር ይቈጠራል። እኔም ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር ከሱሉልታ፥ ከአጎቴ ቤት፥ አንድ ቡችላ በካርቶን ይዤ ወደ ቡራዩ በተመለስኩ ጊዜ ያሰብኩት ስም ማውጣቱን ብቻ ነበር። እንደ ሰፈራችን ውሾች ሁሉ ቦቢ አልኩት። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝንና ከሐኪሞች አፍ የተማርኩትን ለጓደኞቼ ብገልጽ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ቡችላ ከእናቱ ሊለይ የሚገባው ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። አስቀድሞ የተወሰደ እንደ ሆነ ወተቱን ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከወንድሞቹ ጋር እየተጫወተ ንክሻ ምን ያህል እንደሚያሳምም የሚማርበት ጊዜም ይቀርበታል። ቦቢ በመጣ ጊዜ ገና የአምስት ሳምንት ነበር። አጎቴ «ውሰደው፥ እናቲቱ ከስታለች» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወሰድኩ። ምግቡ ብዙ አያስቸግርም። እንጀራም ሆነ ገንፎ ከመረቅ ጋር ይበላል፤ ንጹሕ ውኃ ዘወትር በአጠገቡ መኖር አለበት። ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጎዳ ወጥ የነካው እንጀራ ባይሰጠው ይሻላል።

ነገር ግን በበዓል ቀን የምናደርገው አንድ ነገር አለ፤ ይህን ሰፋ አድርጌ ልናገር። በግ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውኃ የቋጠረ እብጠት የተገኘበት እንደ ሆነ አባወራው «ይህማ ለሰው አይሆንም» ብሎ ለውሻ ይወረውራል። በዚያ እብጠት ውስጥ የአንዲት ትንሽ ትል ዘር አለ። ውሻው ሲበላው ትሏ በአንጀቱ ውስጥ ታድጋለች፤ እንቁላሏም ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩና በአፈሩ ላይ ይበተናል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ሕፃን ልጅም ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቈርስ ይውጠዋል። ያው እብጠት በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። እንግዲህ ለሰው የማይሆነው ለውሻም አይሆንምና በጥልቅ ጕድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። የትል መድኃኒትም የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ ለውሻው መስጠት ይገባል። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው «አያቶቻችን ሲወረውሩ ኖረዋል» አሉኝ፤ በዚህ ዓመት ፋሲካ ግን ጕድጓዱን ራሳቸው ቈፈሩ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መወጋት አለበት፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለታል። ይህን ዐውቅ ነበር። ዳሩ ግን መጀመሪያ ፈተና፥ ቀጥሎ በዓል፥ ቀጥሎ ገንዘብ ሲኖረኝ እያልኩ ቦቢ ስምንት ወር ሞላው። እንደ ሰፈሩ ልማድ ቀን ታስሮ ይውላል፥ ሌሊት ተፈትቶ ያድራል። አጥራችንም ሁለት ቦታ የተቀደደ ነበር። አንድ ማለዳ ሳላስረው ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል፥ የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ ዳቦ ይዞ በበራችን ሲያልፍ ቦቢ ሮጦ እግሩን ነከሰው።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ የቡና ዱቄት ይነስነስበት አለ፤ አንዱ መድኃኒት ዐዋቂ ዘንድ ይወሰድ አለ፤ የቀረው ሁሉ ዱላ ይዞ ውሻውን ፈለገ። የልጁ እናት ብቻ «እናንተ ሰዎች፥ ውኃ አምጡልኝ!» ብለው ጮኹ። ኋላ በጤና ጣቢያ እንደ ሰማነው ትክክለኛው የርሳቸው ነበር። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብ፥ ቡናም ሆነ ቅጠል አለማድረግ፥ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የበሽታው ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚጓዘው ቀስ ብሎ ነው፤ ሕመሙ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር፥ አንዳንዴ አንድ ሳምንት ብቻ፥ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ክትባቱ የሚሰጠውም ይህን ጕዞ ለመቅደም ነው። በሽተኛው አንድ ጊዜ ውኃ መፍራትና መወራጨት ከጀመረ ግን አይድንም ማለት ይቻላል።

ዘዴውን ያገኘው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሐምሌ ወር 1885 ዓ.ም. ዦዜፍ ሜስተር የተባለውን፥ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ልጁ ተርፏል። አያቴ ጉለሌ ያለውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዛሬም «ፓስተር» እያሉ የሚጠሩት ቀድሞ በዚያ የፓስተር ኢንስቲትዩት ስለ ነበረ ነው።

አሁን ስለ ዱላው። በእኛ አገር የነከሰ ውሻ ወዲያው ይገደላል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን ከሁሉ አስቀድመው «ውሻው በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁ። አለ ስንላቸው፥ አጥብቃችሁ አስራችሁ ዐሥር ቀን ጠብቁት አሉን። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ውስጥ መገኘት የሚጀምረው ሕመሙ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው፤ ሕመሙ ከታየ በኋላ ደግሞ ውሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ በዐሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፥ በነከሰበት ቀን በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ የልጁም ክትባት በሐኪም ትእዛዝ ሊቋረጥ ይችላል። የተገደለ ውሻ የሚመሰክረው አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲመረመር ብቻ ነው። ጭንቅላቱን በዱላ የቀጠቀጡት እንደ ሆነ ያም ምስክር ይጠፋል። ልጁ ግን ዐሥሩን ቀን አልጠበቀም፤ ክትባቱን በዚያው ዕለት ጀመረ። ወጪውንም አባቴ ከፈሉ።

ጧት ጧት ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፋሁ አቀርብለትና ሲውጥ እመለከት ነበር። መዋጥ ካቃተው፥ መንጋጋው ከተንጠለጠለ፥ ድምፁ ከተለወጠ፥ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ ከነከሰ፥ ወይም በጨለማ ጥግ ገብቶ ከፈዘዘ ምልክቱ ያ ነው ተብዬ ነበርና። ሰው ሁሉ የሚፈራው የሚክለፈለፈውን ውሻ ነው፤ ፈዝዞ የሚተኛውም እኩል አደገኛ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር። ማታ ማታ የልጁ እናት በራችን ላይ ቆመው «ዛሬስ በላ?» ይሉኛል፤ «በላ፥ እትዬ» ስላቸው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ይመለሳሉ። በአራተኛው ቀን ቦቢ ምግቡን ተወ። ያን ቀን በክፍል ውስጥ ከተባለው አንድም አላስታውስም። ማታ ስመለስ ሳህኑን ልሶ አገኘሁት።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጧት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስጄ አስከተብኩት። በሰበታ የምትኖሩ ጓደኞቼ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በከተማችሁ መኖሩን ታውቃላችሁ፤ እርሱ የበሽታ ምርመራና ጥናት የሚደረግበት ስለ ሆነ ለክትባት የሚኬደው ወደየአካባቢው ክሊኒክ ነው። ያልተከተበ ውሻ ጉዳት በመንደር እንደማይወሰን የባሌ ተራራ ቀይ ቀበሮ ምስክር ነው። በዓለም ላይ ከኛ አገር በቀር የማይገኘው፥ ቍጥሩም ወደ 500 ገደማ የሆነው ይህ አውሬ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1991ና በ1992፥ ኋላም በ2003 ዓ.ም. ከእረኞች ውሾች በተላለፈበት በዚሁ በሽታ ብዙ ሞቶበታል።

አጥሩን እኔና አባቴ ሁለት ቅዳሜ ሠርተን ደፈንነው። የክትባቱን ወረቀትም ወስጄ ለልጁ እናት አሳየኋቸው፤ አንብበው መለሱልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን በበራችን ሲያልፉ ልጃቸውን ከአጥራችን ወዲያ ባለው እጃቸው ይዘው ነው የሚሄዱት።